ደጅ የሌለው ቤት

ሰው ቤት ሲሠራ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ነገሩን አጥብቆ ለሚመረምር ግን ቤት የሚሠራ ሁሉ ከግድግዳውና ከጣሪያው ጋራ ሌላ ነገር ደግሞ ይሠራል፤ ይኸውም በዚያ ቤት የሚያድሩት ሰዎች ከጎረቤታቸው ጋራ የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ አጥሩ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ መንገዱ ለእግረኛ ወይስ ለአውቶሞቢል እንደ ተቀየሰ፣ ሽማግሌ የሚያርፍበት ጥላ መኖሩና አለመኖሩ፣ ይህ ሁሉ የመሐንዲስና የግንበኛ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን የምግባር ጉዳይ ነው። እንግዲህ ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የከተማ ሰፈር አሠራር በሰዎች መካከል ያለውን ፍቅር ሊያበዛው ወይም ሊያጎድለው ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ፣ ቢጎድል የሚጠየቀው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረብኝ የአንዲት እናት ቃል ነው። እኒህ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ በአዲስ አበባ ከአንድ ደብር አጠገብ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ስፍራ ኖረዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላም በዚያው መነኰሱ። ቤታቸው በክረምት ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ ውኃም ከአንድ ቧንቧ በወረፋ ይቀዳ ነበር። ሰፈሩ ለልማት በተነሣ ጊዜ በከተማው ዳር፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «እማሆይ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፤ የማያፈስ ቤት፣ የብቻዎ ውኃ አገኙ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ቤቱስ ቤት ነው ልጄ፣ ተመስገን። ደጅ ግን የለውም» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ የእርጅና ወግ መስሎኝ አለፍሁት። በኋላ ግን ሳሰላስለው ብዙ ትምህርት አገኘሁበት።

በአገራችን ቋንቋ ደጅ ማለት በር ማለት ብቻ አይደለም። በር የሚዘጋና የሚከፈት ሳንቃ ነው። ደጅ ግን ከበሩ ወዲያ፣ ከመንገዱም ወዲህ ያለ፣ የባለቤቱም የአላፊ አግዳሚውም የሆነ ስፍራ ነው። እህል የሚሰጣው፣ ሕፃን መሄድ የሚለምደው፣ አሮጊት ጥጥ እየፈተለች ፀሐይ የምትሞቀው በደጅ ነው። «እንዴት አደራችሁ» የሚባለው፣ «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ የሚጣራው፣ ድኃውም ስለ እግዚአብሔር ብሎ የሚለምነው በደጅ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠናል። በቤተ ክርስቲያናችንም ካህናቱ ከአገልግሎት በኋላ የሚሰበሰቡበት፣ ነዳያንም የሚመገቡበት ስፍራ ደጀ ሰላም ተብሎ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በቤት ውስጥ ያለው ሰው ዘመድ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለው ሰው ባዳ ነው፤ ባዳውን ጎረቤት የሚያደርገው ደጅ ነው።

አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ሕንፃ ሲያንፁ ይህን ነገር ያውቁ ነበር። ሰው ከገበያ ተነሥቶ በአንድ እርምጃ ወደ መቅደስ አይገባም። አስቀድሞ የቅጥሩን በር ይሳለማል፤ በዛፎቹ ጥላ ያልፋል፤ በዐውደ ምሕረቱ ከሕዝቡ ጋራ ይቆማል፤ ከዚያም ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያም ቅድስት፣ ከሁሉ በኋላ መቅደስ አለ። እያንዳንዱ ስፍራ የራሱ ክብርና የራሱ ሰዎች አሉት፤ ገና ወደ ውስጥ ለመግባት ያልተዘጋጀው ሰው እንኳ የሚቆምበት አያጣም። የአሁኑ ዘመን የከተማ ቤት አሠራር ግን ይህን መካከለኛ ስፍራ ፈጽሞ ይረሳዋል። አንዱ ወገን በረዥም አጥር ውስጥ ይዘጋል፤ ሌላው ወገን በጠባብ ደረጃ ላይ ተደራርቦ ይኖራል፤ ሁለቱም ከሳንቃቸው እንደ ወጡ የሚያገኙት ባዳ የሆነውን ጎዳና ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ቤት አሠራር ዝም አላሉም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ምክንያቱም ከዚያ ሰው ወድቆ እንደ ሆነ ባለቤቱ በደሙ እንዳይጠየቅ ነው። እስኪ ይህን ሕግ እናስተውል። ሰው አትግደል የሚለው ትእዛዝ አስቀድሞ ተነግሯል። ይህ ሕግ ግን የሚናገረው ማንንም ሊገድል ስላላሰበ፣ ነገር ግን ሲሠራ ሌላውን ሰው ስለ ዘነጋ ባለ ቤት ነው። እንግዲህ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቀው ክፉ ያሰበ ብቻ ሳይሆን ሲገነባ ያላሰበም ጭምር ነው። አባታችን አብርሃምም ሦስቱን እንግዶች ያያቸው በቀትር ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ነው። ደጃፍ ባይኖረው ኖሮ እንግዶቹ ባለፉ ነበር። ነቢዩ ዘካርያስም በምዕራፍ 8 የታደሰችይቱን ኢየሩሳሌም ሲያሳየን የደስታዋ ምልክት አድርጎ የሚቈጥረው የሕንፃዋን ቁመት አይደለም፤ ምርኵዝ የያዙ አረጋውያን በአደባባይዋ መቀመጣቸውን፣ ሕፃናትም በጎዳናዋ መጫወታቸውን ነው እንጂ። ከዚህ የበለጠ የከተማ መለኪያ ከወዴት ይገኛል?

በሉቃስ ወንጌል የተነገረውን የባለጠጋውንና የአልዓዛርን ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን። አልዓዛር ወድቆ የነበረው በባለጠጋው ደጅ ነው። ባለጠጋውም የተፈረደበት በደጁ ያለውን እያወቀ ስላለፈው ነው። ዛሬ ግን ሌላ ዓይነት ባለጠጋ ተነሥቷል። ይህ ሰው ግቢውን በሁለት ሰው ቁመት ግንብ ያጥራል፤ በግንቡ ራስ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ ይተክላል፤ ወይም ስለታም ሽቦ ይጠመጥማል፤ በአውቶሞቢል ገብቶ በአውቶሞቢል ይወጣል። አልዓዛር በደጁ አይወድቅም፤ የሚወድቅበት ደጅ የለምና። እንግዲህ ይህ ሰው፣ «እኔ አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን አለማየቱን በገንዘቡ ገዝቶታል። እኔስ የሚመስለኝ አይቶ ካለፈው ይልቅ እንዳያይ ብሎ የገነባው በደሉ እንዳይከብድ ያስፈራል።

በዚህ ነገር የሚከራከር ሰው ይነሣል። «ፍቅር ከልብ የሚመነጭ እንጂ ከድንጋይና ከኖራ የሚገኝ አይደለም፤ ቅዱሳን አባቶች በዋሻና በፍርኵታ እየኖሩ ፍጹማን ሆነዋል፤ በሰፊ አደባባይ የሚኖሩም ሲጣሉ እናያለን» ይላል። እውነት ነው፤ የትኛውም ግንብ ሰውን በግድ ወዳድ ሊያደርገው አይችልም። ዳሩ ግን ልብ የሚሠራበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው የረዳው በዚያው መንገድ ስላለፈ ነው፤ ሌላ መንገድ ተሠርቶለት ቢሆን ደግነቱ በልቡ ተዘግቶ በቀረ ነበር። ስለ ባሕታውያንም የተነገረው ለዚህ ክርክር አይረዳም። እነርሱ ወደ በአታቸው የገቡት በፈቃዳቸው ነው። በአት በፈቃድ ሲገቡበት ገዳም ነው፤ ያለ ፈቃድ ሲገቡበት ግን ወህኒ ነው። ጉልበታቸው የደከመ እናት ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ቢሳናቸው ምናኔ መረጡ ማለት አይቻልም።

ይህም ነገር በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባሉ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሦስት መንገዶችን መርምረው ነበር። ቤቶቹ ተመሳሳይ ነበሩ፤ ልዩነቱ የመኪናው ብዛት ነው። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖር ሰው በዚያው መንገድ በአማካይ ሦስት ወዳጆችና ስድስት ያህል የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩት። በቀን 16,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖረው ግን አንድ ወዳጅ እንኳ በሙሉ አይደርሰውም፤ የሚያውቃቸውም ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። የሰዎቹ ልብ በሁለቱ መንገዶች የተለያየ ሆኖ አይደለም፤ ጩኸቱና አደጋው ከደጅ ወደ ውስጥ ስላስገባቸው ነው እንጂ። ይህን ያስተማሩት ሊቅ ራሳቸው በ1982 በአቴና ከተማ በፍጥነት በሚሄድ መኪና ተገጭተው ሞቱ።

እንደዚሁም በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1950ዎቹ መካከል ፕሩት አይጎ የተባለ የድኆች መኖሪያ ተሠርቶ ነበር፤ 33 ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1972 መፍረስ ጀመረ። ጥፋቱ የአሠራሩ ብቻ አልነበረም፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ መጥፋቱ፣ የነዋሪው ድኅነትና የዘር ልዩነትም ነበሩበት። ነገር ግን ረዣዥም መተላለፊያዎቹና ደረጃዎቹ የማንም ሳይሆኑ ቀሩ፤ የማንም ያልሆነውን ስፍራ ደግሞ የሚጠብቀው የለም። በዚያው አገር ጄን ጄከብስ የተባሉ ሴት በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ መንገድን አስቀድሞ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን በመስኮትና በሱቅ ደጃፍ ሆኖ የሚመለከት የጎረቤት ዐይን ነው። እንግዲህ ረዥሙ አጥር ባለቤቱን ከሌባ ሲያድን፣ ሲመሽ በዚያ መንገድ ብቻዋን የምታልፈውን ልጃገረድ ከሚያያት ዐይን ሁሉ ይለያታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ የሠራዊት ሰፈር ትመስል ነበር፤ ሰፈር የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። መኳንንቱ ግቢያቸውን በጉብታ ላይ ይሠሩ ነበር፤ አሽከሩና ወታደሩ፣ ባለ እጁም በዙሪያው ይሰፍር ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች እስከ ዘመናችን የተጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ሥርዓት ጌታና ሎሌ የነበረበት ስለ ሆነ እኩልነት ነበረበት አንልም፤ ነገር ግን ሀብታምና ድኃ በአንድ መንገድ ይገናኙ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የቀበሌ ቤት የተባለው ኪራዩ ለድኃ የሚቻል ነበር፤ ዳሩ ግን የሚያድሰው አጥቶ እያረጀ ሄደ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የተባለው የጋራ መኖሪያ ቤት መሠራት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በብዙ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ሰፊ መንገድ፣ መብራትና መቀመጫ አመጣ፤ ይህም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በዚያው ሥራ ምክንያት እንደ ፒያሳ ካሉ አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ቤተ ሰቦች ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። አንዱ የሚያርፍበት ወንበር ሲያገኝ ሌላው የኖረበትን ጎረቤት ካጣ፣ ትርፉና ኪሳራው በአንድነት ሊታሰብ ይገባል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ያረጀውን ሰፈር እንዳለ ይቆይ ማለታችን አይደለም። በዚያ የሚኖረው ድኃ ጣሪያው እያፈሰሰበት፣ እሳት ቢነሣ ማጥፊያ መኪና የማይገባበት፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትወጣበት ስፍራ ነበር። ይህን ከሩቅ ሆኖ «የጥንቱ ፍቅር» እያሉ ማወደስ በሌላው ሰው ችግር መደሰት ነው። የኮንዶሚኒየሙንም አሳቢዎች አንወቅስም፤ ውኃና መጸዳጃ ለብዙ ሺህ ሰው ሰጥተዋል፤ ለእንጀራ መጋገሪያና ለከብት ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት እንኳ አስበው ሠርተዋል። ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ያ ቤት ለሌላ ሥራ ዋለ፤ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ባዶ ስፍራም የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ቤቱም የሚታደለው በዕጣ ነው። ዕጣ ለማንም አያደላም፤ ስለዚህ ፍርዱ ቅን ነው፤ ስለ ጎረቤት ግን አያስብም። አርባ ዓመት በአንድ ዕድር የኖሩትን አንዱን ወደ ምሥራቅ አንዱን ወደ ምዕራብ ይሰዳቸዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ጎረቤቱ ራሱ እንደ ዘመድ በራቀ ጊዜ ግን ምን ይባላል?

እነዚያ እማሆይ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ድንኳኑ በመኪናዎች መካከል ተተከለ፤ ሁለቱን መኪና የሚያነሣ ሰው እስኪገኝ ድረስ ለቀስተኛው ቆሞ ጠበቀ። አልቃሾቹ ከቀድሞው ሰፈር በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ መኪና ቀይረው የደረሱ አሮጊቶችም ነበሩባቸው። የዚያው ሕንፃ ሰዎችም ክፉዎች አልነበሩም፤ ወንበር አወረዱ፤ ውኃ አቀረቡ፤ ንፍሮም ቀቀሉ። ነገር ግን እርስ በርሳቸው ቀስ ብለው፣ «የትኛዋ እናት ናቸው?» እያሉ ሲጠያየቁ ሰማሁ። ከእርሳቸው ጋራ በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ልባቸው በጎ እንደ ነበረ በዚያ ቀን አየሁ፤ በጎነታቸው እስከ ቀብር ቀን ድረስ የሚወጣበትን ደጅ ማጣቱንም በዚያው ቀን አየሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከተማው ሕዝቡ ስለ በዛ ወደ ላይ መሥራት ግድ ሊሆን ይችላል፤ ፎቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በምድር ላይ ያለው ወለል ሁሉ ለሱቅ በጨረታ ከመሸጡ በፊት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ክፍል ይውጣለት። ሁለተኛም፣ ሰፈር ሲነሣ ሰዎቹ በግል ብቻ ሳይሆን በዕድራቸው ተቈጥረው በአንድ ስፍራ ይስፈሩ፤ ዕጣውም በሰው ፈንታ በጎረቤታሞች መካከል ይጣል። ሦስተኛም፣ ሕንፃዎች ጀርባ ለጀርባ ከሚቆሙ ይልቅ በአንድ ግቢ ዙሪያ ይቁሙ፤ ግቢውም ዛፍ፣ መቀመጫ፣ በርበሬ የሚሰጣበትና ድንኳን የሚተከልበት ስፍራ ይኑረው። አራተኛም፣ በሰፈር ውስጥ የሚያልፍ መኪና በእግረኛ እርምጃ ልክ ይሂድ። ይህ የማይቻል አይደለም፤ በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1976 በሕግ ጸንቷል። እንዲህ ያለውን መንገድ ዎነርፍ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የመኖሪያ ግቢ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ልጆች ይጫወታሉ፤ መኪናውም እንደ እንግዳ በትሕትና ያልፋል። ሆላንዶችም በዚህ አሠራራቸው ያጡትን ደጅ መልሰው አገኙ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚኖርበት ሰው ይጠየቅ። ግቢው በወረቀት ላይ ሳይነደፍ እነዚያን እማሆይ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ስለ ደጅ ይነግሩት ነበር።

ይህ ሁሉ የመንግሥትና የመሐንዲስ ሥራ ነው ብለን እኛ ነጻ እንዳንወጣ ደግሞ እንጠንቀቅ። ባለ ግቢ ሆይ፣ አጥርህን ማፍረስ ባትችል ከበርህ ውጭ አንድ መቀመጫና አንድ ዛፍ ማኖር ትችላለህ። በፎቅ የምትኖር ሆይ፣ ከበላይህ ማን እንዳለ ሳትጠይቅ ዓመት አይለፍህ። ካህናት አባቶች ሆይ፣ ከእናንተ የሚበልጥ ይህን ነገር የሚያውቅ ማን ነው? የነፍስ አባት በየቤቱ ስለሚገባ፣ ደረጃ መውረድ የተሳነው ማን እንደ ሆነ ከመዝገብ ይልቅ እርሱ ያውቃል። በአዲሶቹ ሰፈሮች ጽዋ ማኅበሩና ሰንበቴው ከየትም የመጣውን ሰው ይቀበል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ቅጥር ኪራይ በሚያስገቡ ሱቆች ብቻ እንዳይከበብ፣ ድኃና ሽማግሌ ዐረፍ የሚልበት ስፍራ ይቅርለት።

በመጀመሪያ፣ ፍቅር ቢጎድል የሚጠየቀው ማን ነው ብለን ነበር። መልሱን ያገኘነው ከዚያ ከጥንቱ የኦሪት ሕግ ነው። በሰገነት ላይ መከታ ሳያደርግ የቀረው ሰው በወደቀው ሰው ደም ከተጠየቀ፣ ደጅ ሳያስቀር የገነባውም ብቻውን በቀረው ሰው ይጠየቃል። የሠራን ብቻ ሳይሆን ሲሠራ አይተን ዝም ያልንም እንጠየቃለን። ቤታችን ደጅ እንዲኖረው፣ ደጃችንም ሰው እንዲኖርበት ማስተዋሉን እግዚአብሔር ያድለን።